«ሙሉ ዌብሳይት፣ ከነ ሁሉ ነገሩ» ለሚሏችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ባሕር ዳር ሱቅ፣ ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ ወይም የግል ትምህርት ቤት ላላችሁ ነው የምጽፈው። በየቢዝነሱ እየዞሩ «ሙሉ ዌብሳይት በ35 ሺህ ብር፣ ከነ ሁሉ ነገሩ፣ ለ5 ዓመት» የሚሉ ሰዎች አሉ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ነገ ስማቸውን ቀይረው ይመጣሉና አሠራራቸውን ማወቁ ይሻላል።

አክስቴ ማርቆስ ላይ ፔንሲዮን አላት። አምና ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱ ጋር ተዋዋለች። ተዋዋለች ማለቱ እንኳ ይከብዳል፤ እጇ ላይ ያለችው አንዲት ደረሰኝ ናት፣ እሷም ላይ «የዌብሳይት ሥራ፣ ሙሉ ክፍያ» ከሚል በቀር ምንም የለም። የክፍሎቹን ፎቶ፣ ዋጋውንና ስልኳን ጫኑላት፤ ሲከፈት ያምራል፣ አልዋሽም። ዘንድሮ አንድ ቀን ጠፋ። ስትደውል «እማማ፣ የእድሳት 18 ሺህ ብር ይክፈሉ፣ ወዲያው ይመለሳል» አሏት። «የ5 ዓመቱስ?» ስትል «እሱ ዲዛይኑ ነው» ተባለች። ዲዛይን በዓመት ሲቆጠር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የጨዋታው ቁልፍ «ከነ ሁሉ ነገሩ» የምትለዋ ናት። ዌብሳይት አንድ ዕቃ አይደለም። የተለያየ ባለቤትና የተለያየ የክፍያ ቀን ያላቸው ነገሮች ጥርቅም ነው፤ ሻጩ አንድ ላይ ጠቅልሎ ሲሸጥላችሁ የትኛው የእናንተ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ አታዩም።

ዋናው ዶሜይኑ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው ስም ማለት ነው። ዶሜይን ለዘላለም አይገዛም፣ በዓመት ይከራያል፤ ዶት ኮም ከ1 እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊመዘገብ ይችላል። ዋጋው በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበላው፦ ሻጩ ስሙን በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ አካውንት ያስመዘግበዋል። ቤቱን በገንዘባችሁ ሠርታችሁ ካርታው በደላላው ስም ወጣ ማለት ነው።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የሚባለው ተቋም ለማንም ክፍት የሆነ መፈለጊያ አለው፤ ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ (lookup.icann.org) ብላችሁ ትገባላችሁ፣ በነጻ ነው። የአክስቴን ዶሜይን አስገባሁ። የተመዘገበበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ወጣ፤ ልዩነቱ ልክ አንድ ዓመት። አምስት የሚባል ነገር የለም። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ለግላዊነት ሲባል ስለሚደበቅ እሱን ብቻ አትጠብቁ፤ ቀኑ ግን አይደበቅም። ባለቤትነቱን የሚያረጋግጠው ዶሜይኑ የተመዘገበበት ድርጅት አካውንት ውስጥ በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ የይለፍ ቃል መግባት መቻላችሁ ነው።

ቀኑ ያለፈ ዶሜይን ወዲያው አይሞትም። እንደ መዝጋቢው (ዶሜይኑ እንደተመዘገበበት ድርጅት) ቢለያይም ዶት ኮም እስከ 45 ቀን በተለመደው ዋጋ ሊታደስ ይችላል። ከዚያ 30 ቀን ይመጣል፤ በዚያ ውስጥ ማስመለስ ይቻላል፣ ክፍያው ግን ይከብዳል። በመጨረሻ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። «ዛሬ ካልከፈላችሁ ስሙ ለሌላ ይሸጣል» ብለው ሲያጣድፏችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ።

ሁለተኛው ሆስቲንግ ነው፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ። ለአንዲት ፔንሲዮን የሚበቃው በወር ጥቂት ዶላር ነው። ሻጩ አንድ ሆስቲንግ ገዝቶ የብዙ ደንበኛ ዌብሳይት እዚያው ላይ ቢያስቀምጥ ነውር የለውም፤ ነውሩ ከእያንዳንዱ ሙሉውን ሲያስከፍልና የፋይሉን ቅጂ ሲከለክል ነው። ገጾቹ የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር በሆነው በዎርድፕረስ ከተሠሩ ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም ጠይቁ፤ ፋይል ብቻ ቢሰጧችሁ ጽሑፉ አብሮ አይመጣም፣ የሚቀመጠው ዳታቤዙ ውስጥ ነውና። ዎርድፕረስ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። «የዎርድፕረስ ላይሰንስ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ በሩን አሳዩት። የሚከፈልበት ቴም (የገጹ መልክ) ወይም ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ቅጥያ) ሊኖር ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው፤ ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ፣ እንዳይጭኑባችሁ፣ ቫይረስ ይዞ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

አክስቴን ለኤስኤስኤል ብቻ በዓመት 6 ሺህ ብር ጠይቀዋታል። ኤስኤስኤል ማለት ብሮውዘሩ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እንዳይል የሚያደርገው ሰርተፍኬት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለዓለም ሁሉ በነጻ ያድላል፤ አብዛኛው ሆስቲንግም ራሱ ጭኖ ራሱ ያድሰዋል። ለሠራተኛው የድካሙን መክፈል ተገቢ ነው። ለነጻ ዕቃ 6 ሺህ ግን ምን ይባላል?

አንዳንዱ ደግሞ ዶሜይኑንም አይገዛም። አድራሻው መጨረሻ ላይ ብሎግስፖት ወይም ዊክስሳይት የሚል ካያችሁ የተሰጣችሁ በነጻ የሚከፈት ገጽ ነው።

ከሻጮቹ ጎን የምቆምበት አንድ ነገር አለ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ሁላችንም የለንም፤ ስለዚህ በእነሱ ካርድ መክፈሉ ግድ ይሆናል። ይሁን። ግን ካርዱ የእሱ፣ አካውንቱ የእናንተ ይሁን፦ እናንተ ባላችሁበት በእናንተ ኢሜይል ይክፈት፣ የይለፍ ቃሉን እናንተ አስገቡ፣ እሱ ይክፈል፣ እናንተ በብር አወራርዱት። ወይም የኢትዮጵያን ዶሜይን፣ ዶት ኢቲን (.et)፣ አስቡበት፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ክፍያውም በብር። ማርቆስም ባሕር ዳርም ይህን ሳያቅማሙ የሚያደርጉ ጎበዝ ልጆች አሉ። «አያስፈልጋችሁም፣ እኛ እንይዝላችኋለን» የሚለውን ተዉት።

ቀድሞ በእነሱ ስም ተመዝግቦባችሁ ከሆነ ደግሞ በሰላም፣ ሳትጣሉ፣ የማዛወሪያ ኮድ ጠይቁ። ኮዱ ካለ ዶሜይኑ ወደ ራሳችሁ አካውንት ይዛወራል፤ በቅርቡ የተመዘገበ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ላይ ወደ ሌላ መዝጋቢ አይሄድም። ጥያቄያችሁን በቴሌግራም ጻፉላቸው፣ በቃል ብቻ አትጠይቁ፤ በኋላ ማስረጃ ይሆናችኋል።

አክስቴ 18 ሺሁን አልከፈለችም። ኮዱን ብትጠይቅ ስልክ ማንሳት አቆሙ፤ እሷም ሌላ ዶሜይን በራሷ ኢሜይል አስመዘገበች። ዶሜይኑ ረከሰላት፤ የተጎዳችው በሌላው ነው። አሮጌው አድራሻ በሩ ላይ ባለው ባነር፣ በታተመው ቢዝነስ ካርድና ጉግል ማፕ ላይ ነበር። ማፑን አስተካክለናል። ባነሩ ገና ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ተራ አልደረሰንም።

እንዲህ ያለ ደረሰኝ እጁ ላይ ያለ ካለ ስምና ስልክ ሸፍኖ ፎቶውን ይላክልኝ፤ የማን ደረሰኝ ላይ «ዶሜይን» የሚል ቃል በግልጽ እንደተጻፈ ማየት እፈልጋለሁ።