ኤክስ-ቲ20ን እንደ ፊልም ካሜራ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

ያገለገለ ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ20 የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። በፊልም ማንሳት መማር ፈልጌ ነበር። ግን ለእኔ ፊልም ማለት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ማሳጠቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ስለዚህ መጀመሪያ እጄን በዲጂታል ላፍታታ አልኩ።

ካሜራው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 24 ሜጋፒክስል፣ ከነባትሪውና ከነካርዱ 383 ግራም። እኔን የሳበኝ አናቱ ላይ ያለው የሻተር ስፒድ መዞሪያ ነው፤ ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው። የያዝኩት 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስም የአፐርቸር ቀለበት አለው፤ አፐርቸር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል። ካሜራው ጠፍቶ እንኳ 1/500 ሰከንድ እና ኤፍ 8 ላይ መሆኑን አይቼ አውቃለሁ።

እንደ ፊልም እንዲሆን ግን ካሜራውን ትንሽ ማሳወር ያስፈልጋል። አይኤስኦው፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 400 ላይ ይቆማል፣ 400 ፊልም እንደጫንኩ ማለት ነው። የቀለም ማስተካከያው (ኋይት ባላንሱ) የቀን ብርሃን ላይ። ስክሪኑ ወደ ውስጥ ስለማይገለበጥ ካርቶን ቆርጬ በፕላስተር ለጠፍኩበት። ዋናው ነገር ግን ሜኑ ውስጥ ነው ያለው። በማንዋል፣ ሻተሩንም አፐርቸሩንም ራሳችሁ እየመረጣችሁ፣ ስታነሱ ፎቶው ምን ያህል እንደሚጨልም ወይም እንደሚነጣ መመልከቻው ላይ ቀድሞ የሚያሳየውን አጥፉት። እሱ እስካለ ድረስ መልሱ አጠገቡ የተጻፈ ፈተና እንደመፈተን ነው። 36 ፎቶ ስትሞላ አበቃ፣ እንደ አንድ ጥቅል ፊልም። ፎቶዎቹን የማያቸው ሳምንት ቆይቼ ነው።

ከዚያ ብርሃን መገመት ይመጣል። የድሮ ሰዎች ሕግ ቀላል ነው። ጥርት ባለ ፀሐይ አፐርቸሩን 16 ላይ፣ ሻተሩን ለአይኤስኦው ቁጥር የሚቀርበው ላይ። ለ400 ያው 1/500 ነው። ኤፍ 8 ድረስ ከከፈትኩት ሻተሩ 1/2000 ይሆናል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ ይሄ ሕግ በጋውን ሙሉ እምብዛም አልከዳኝም። የሚያስቸግረው ጥላው ነው። ሚያዝያ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች። ሕንፃ ሥር የተቀመጠው ሊስትሮና ፊት ለፊቱ ያለው አስፋልት አራት ስቶፕ ያህል ይለያያሉ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው። ለአስፋልቱ ከለካሁ ልጁ ጥቁር ይሆናል። አንዱን መምረጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ነጠላ ነው። እሑድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቁሙ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ፍሬሙን ነጠላ ከሞላው ነጠላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል መጨመር አለባችሁ። አሁን ደግሞ ነጠላው ውስጥ ያለውን ፊት አስቡት። አንድ ቀን አንዲት እናትን "እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?" አልኳቸውና ፈቀዱልኝ። ለፊታቸው ለክቼ ሳነሳ የዓይናቸው ዙሪያ ሽብሽብ ሳይቀር አለ። ትከሻቸው ላይ ፀሐይ ያረፈበት ነጠላ ግን ክር የለው፣ ምን የለው፤ ባዶ ነጭ። ዲጂታል ላይ ነጩ አንዴ ከሞላ አይመለስም።

ኔጋቲቭ ፊልም፣ ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚወጣበት፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚለካው ለጥላው ነው። ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፤ ካነሰው ግን ጥላው ውስጥ የሚተርፍ ነገር የለም። እንግዲህ በዚህ ካሜራ የምትለምዱት፣ ነጩ እንዳይቃጠል ብርሃኑን መቀነስ፣ ኔጋቲቭ ስትጭኑ መገልበጥ ያለበት ልማድ ነው። ዲጂታል ፊልምን ያስተምራል ሲባል እሰማለሁ። በብርሃን ልኬት በኩል የሚያስተምረው ስላይድ ፊልምን ነው፣ ታጥቦ ምስሉ ሳይገለበጥ የሚወጣውን። ስላይድም ብርሃን ሲበዛ አይምርም።

እማማ ታዲያ "እስቲ አሳየኝ" አሉ። ካርቶኑን ላጥኩት። እዚህ ከተማ ሰው አንስቶ ሳያሳዩ መሄድ ነውር ነው፤ ሳምንት መጠበቅ የሚባለው ሕግ ለሕንፃ እንጂ ለሰው አይሠራም። አሁን ካርቶኑን የምለጥፈው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው።

ጥቁርና ነጩን ወድጄዋለሁ። ካሜራው ውስጥ ያለው አክሮስ የሚባለው ቅንብር ስሙን የወሰደው ፉጂ ከሚሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ፊልሙ ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. ቆሞ በ2019 አክሮስ 2 ተብሎ ተመልሷል። ቀይ ፊልተሩን ስትጨምሩበት ሰማያዊ ሰማይ ወደ ጥቁር ይወርዳል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙው ከፈረሰ ወዲህ ሰማዩ ሰፍቷል፤ በጥቅምት ጠዋት ከዓድዋ ድል መታሰቢያ በላይ ያለው ሰማይ በዚህ ቅንብር ጉድ ነው። ፊቱ ቀላ ያለ ሰው ላይ ግን ተዉት፣ ቆዳውን ያነጣዋል።

የሌንሱ ፎከስ አልተስማማኝም። ቀለበቱ የኤሌክትሮኒክ ነው፤ የትም ሳይቆም ይዞራል፣ የሜትር ቁጥርም አልተጻፈበትም። መንገድ ላይ ፎከስን አስቀድሞ አስሮ ማንሳት ለሚፈልግ ይሄ ያናድዳል። ኤፍ 8 ላይ ሦስት ሜትር ብታደርጉት ከሁለት ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ አምስት ሜትር ግድም ያለው ጥርት ይላል፤ ግን ሦስቱን ሜትር የምታገኙት ቀለበቱን በመዳሰስ ሳይሆን መመልከቻው ውስጥ ያለውን የርቀት መስመር እያያችሁ ነው። የድሮ ሌንስ በአዳፕተር ካሰራችሁ ይሄ ችግር የለም። ክረምቱም እየመጣ ነው፤ ሌንሱ ለዝናብ የተሠራ ሲሆን ካሜራው ግን አይደለም፤ ፌስታል ከቦርሳዬ አይጠፋም።

ለመማር ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ከየትኛው ሌንስ ጋር እንደሚሸጥ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው 16-50 ዙም የአፐርቸር ቀለበት የለውም፤ ከእሱ ጋር ብቻ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ባይገዛ ይሻላል። ካሜራውን ለብቻው ወስዳችሁ 35ቱን ለማግኘት ትንሽ ጠብቁ።