ዳግም የማይጫወቱት ጌም፦ አውተር ዋይልድስና ሆሎው ናይት ከወራት በኋላ

የጌም ግምገማ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ጌሙ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ገምጋሚው እየሮጠ ይጨርሰዋል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ አውተር ዋይልድስንና ሆሎው ናይትን በተቀራራቢ ጊዜ ገዛኋቸው፤ ሁለቱንም ጨረስኩ፤ ስለ ሁለቱም «ከዚህ በላይ አልተሠራም» እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። አንዱን እስከ ዛሬ እጫወተዋለሁ። ሌላውን ከጨረስኩት ወዲህ አልነካሁትም፣ መንካትም አይቻለኝም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ «ይህ የእኔ ነው» በል ብባል ግን የምመርጠው ያልነካሁትን ነው። ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት ስለምጫወተው ትንሽ ላውራ፤ እሱም ቢሆን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሆሎው ናይትን የሠራው አውስትራሊያ አደሌድ ያለ ቲም ቼሪ የሚባል እጅግ ትንሽ ቡድን ነው፤ ዋናዎቹ አሪ ጊብሰንና ዊልያም ፔለን ናቸው፣ ሙዚቃው የክሪስቶፈር ላርኪን ነው። በኪክስታርተር ከሰው በተዋጣ ገንዘብ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጡት አራት ተጨማሪዎች ሁሉም በነፃ ነው የተሰጡት። ታሪኩ የሚካሄደው ሃሎውኔስት በሚባል፣ ነዋሪዎቹ ጥንዚዛና ትላትል በሆኑ፣ ከምድር በታች ያለ የፈረሰ መንግሥት ውስጥ ነው። የእናንተ መሣሪያ ሚስማር ነው። አዎ፣ ሚስማር።

የዚህ ጌም ብልሃት ካርታው ላይ ነው። አዲስ ቦታ ስትገቡ ካርታ የላችሁም። ኮርኒፈር የሚባለው ካርታ ሠሪ እዚያው አካባቢ አንድ ጥግ ይዞ ያንጎራጉራል፤ መሬት ላይ የተበታተኑ ወረቀቶቹን እየተከተላችሁ፣ ድምፁን እያዳመጣችሁ ታገኙታላችሁ። የሚሸጥላችሁ ካርታም ጎዶሎ ነው። ቀሪውን የምትሞሉት ብዕር ገዝታችሁ ነው፤ ያም ቢሆን ካርታው የሚሞላው አግዳሚ ወንበር አግኝታችሁ ስትቀመጡ ብቻ ነው። የት እንደቆማችሁ ለማየት እንኳ ኮምፓሱን መልበስ አለባችሁ፤ እሱን ስትለብሱ ደግሞ ለውጊያ የሚረዳ ሌላ ቻርም (ኃይል የሚሰጥ ክታብ) የምታደርጉበት ቦታ ይያዛል። መንገድ የመጥፋትን ዋጋ በየሰዓቱ የሚያስከፍል ጌም ከዚህ ሌላ አላየሁም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ሰንበት ሲል ግን ቦታዎቹን እንደተወለዱበት ሰፈር ታውቋቸዋላችሁ፤ ዛሬም ቢሆን ከሲቲ ኦፍ ቲርስ እስከ ዲፕኔስት ካርታ ሳልከፍት እሄዳለሁ።

ከወራት በኋላ የሚያስከፍተኝ ግን ውጊያው ነው። ጠላትን ስትመቱ «ሶል» ይጠራቀምላችኋል፤ ሦስት ጊዜ መምታት አንድ ቁስል ለማዳን ይበቃል። ለመዳን ግን ባላችሁበት መቆም አለባችሁ፣ ጠላት ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ እያንዳንዷ ቅጽበት ወይ ልምታ ወይ ልዳን የሚል ጥያቄ ናት። በተለይ የማንቲስ ሎርድስ (የማንቲሶች መንደር አለቆች) ውጊያ አይሰለቸኝም። ካሸነፋችኋቸው በኋላ እስከዚያ ድረስ ያሳደዷችሁ የመንደሩ ማንቲሶች በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፏችኋል። አንድም ጽሑፍ አይወጣም፣ ማንም «ክብር አገኘህ» አይላችሁም።

ያረጀብኝ ነገርም አለ። በቦስ (በዋና ጠላት) እጅ በሞታችሁ ቁጥር ከምትነቁበት ወንበር ተነስቶ እስከ በሩ የሚደረገው ጉዞ መጀመሪያ ላይ ፍርሃት የሚጨምር ነበር፤ አሁን ሥራ ፈት መንገድ ሆኖብኛል። የጠፋው ትልቁ ነገር ደግሞ ጨለማ ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቅ ነው፤ እሱን ማንም አይመልስልኝም። እየዘፈነች ድንጋይ የምትፈልጥ ማይላ የምትባል አንዲት ማዕድን ቆፋሪ አለች። ስለ እሷ አልናገርም፤ ካገኛችኋት ግን ሄድ መለስ እያላችሁ ጎብኟት። (ተከታዩ ሲልክሶንግ በሴፕቴምበር 2025 ወጥቷል፤ የእሱ ነገር ሰፊ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

አሁን ወደማይነካው።

አውተር ዋይልድስ የተጀመረው የአሌክስ ቢቸም የማስተርስ መመረቂያ ሥራ ሆኖ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሳያልቅ በ2015 የኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ሞቢየስ ዲጂታል አሳድጎት በ2019 ወጣ፤ በዓመቱ የብሪታንያው የፊልምና የጌም ሽልማት ሰጪ ባፍታ ምርጥ ጌም ብሎ ሸለመው። አራት ዓይን ያላችሁ ጀማሪ ጠፈርተኛ ናችሁ፤ መርከባችሁ ከእንጨት ተሠርታ የተገጣጠመች ትመስላለች። ትነሣላችሁ፣ የፈለጋችሁበት ፕላኔት ትሄዳላችሁ። ከ22 ደቂቃ በኋላ ፀሐይዋ ትፈነዳለች። ሁሉም ይሞታል። ከዚያ እዚያው የተነሣችሁበት እሳት ዳር ዓይናችሁን ትገልጣላችሁ።

ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ስትሻገሩ ይዛችሁት የምትሄዱት ያወቃችሁትን ብቻ ነው። የሚያድግ ጉልበት የለም፣ የሚገዛ መሣሪያ የለም፣ የሚሰበሰብ ቁልፍ የለም። የመርከቧ መዝገብ ያያችሁትን ያስታውስላችኋል እንጂ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄዱ አያዝዝም። የመጨረሻው በር ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ክፍት ነው ማለት ይቻላል፤ የጎደለው እንዴት እንደሚገባበት ማወቅ ነው። የሚያውቅ ሰው በአንድ ዙር ይጨርሰዋል።

ፕላኔቶቹ እንደ ሰዓት የሚሠሩ ናቸው። ብሪትል ሆሎው ሆዱ ውስጥ ብላክ ሆል (ሁሉን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ) አለው፤ ቅርፊቱ እየተፈረፈረ ይገባበታል፣ ያያችሁት ሕንፃ ቆይታችሁ ስትመጡ ላይኖር ይችላል። ኤምበር ትዊንና አሽ ትዊን ጎን ለጎን ይዞራሉ፤ ከአንዱ አሸዋ እየፈሰሰ የሌላውን ዋሻ ይሞላል። ስለዚህ አንዱ ጋ የሚከፈተው መንገድ ሌላው ጋ የሚዘጋው ነው፤ አምስተኛው ደቂቃና ዐሥራ አምስተኛው ደቂቃ አንድ ቦታ አይደሉም። ጃያንትስ ዲፕ ላይ አውሎ ነፋስ ደሴቶችን ከነዛፋቸው ወደ ጠፈር ያጎናቸውና መልሶ ያፈርጣቸዋል። ዳርክ ብራምብል ውስጥ ጭጋግ አለ፣ በጭጋጉ ውስጥ ደግሞ ትልልቅ ዓሦች አሉ። አያዩም፤ ይሰማሉ። ሞተር አጥፍታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በግፊት ብቻ እየተንሳፈፋችሁ ታልፏቸዋላችሁ። ትንፋሽ መያዙ ጌሙ ውስጥ የለም፤ ሁሉም ሰው ግን ይይዛል።

ይህ ሁሉ የተሳለ ሥዕል ሳይሆን በስበት ሕግ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። መርከቧ ፍሬን የላትም። ሞተር ስታጠፉ አትቆምም፣ በያዘችው ፍጥነት ትቀጥላለች፤ ለማቆም በተቃራኒው መግፋት ነው። ፍጥነታችሁን ከምትሄዱበት ፕላኔት ጋር የሚያስተካክል ቁልፍ አለና ቀድማችሁ ተለማመዱት። መርከቧን በራሱ የሚነዳው አውቶፓይለት ደግሞ በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው፤ መሀል ላይ ፀሐይ ብትኖር ጉዳዩ አይደለም። ጀርባችሁ ላይ ያለው መብረሪያ ጄትፓክ ነዳጅ ሲያልቅበት ኦክስጅናችሁን ማቃጠል ይጀምራል። ኦክስጅን ሲያጥራችሁ ዛፍ ፈልጋችሁ ጠጋ ብትሉ ይሞላላችኋል። እነዚህን ማንም በመመሪያ አይነግራችሁም፤ ዓለሙ ራሱ በሚሠራበት መንገድ ትደርሱባቸዋላችሁ። በእኔ ዓይን ጌሙን ድንቅ ያደረገው ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ያስባል ብሎ ያምናል፣ እምነቱንም እስከ መጨረሻው አያጥፍም።

ኖማዮች የሚባሉ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፉ ሕዝቦች አሉ። ግድግዳ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠቀለለ በሚሄድ ጽሑፍ ይጻጻፉ ነበር፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከጎኑ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይመልስለታል። የምታነቡት ሲከራከሩ፣ ሲቀልዱ፣ ሲዋደዱ ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላ አጽማቸውን ስታዩ «ይሄኛው ያ ተከራካሪው ይሆን?» ማለት ትጀምራላችሁ። ከእናንተ በፊት የሄዱት አምስት ተጓዦችም በየፕላኔቱ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይጫወታሉ፤ ባንጆ፣ ከበሮ፣ ዋሽንት፣ ሃርሞኒካ፣ ፉጨት። የሩቅ ድምፅ በምታጠምዱበት መሣሪያ አንዱን ስትሰሙ ብቸኛ ዜማ ነው። ርቃችሁ ሄዳችሁ ፕላኔቶቹ በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ግን አምስቱም አንድ ዘፈን እየተጫወቱ እንደነበር ትሰማላችሁ። የሙዚቃው ደራሲ አንድሩ ፕራሎው ነው። ሙዚቃውን አሁንም ሥራ ላይ ሆኜ አዳምጠዋለሁ፤ ከጌሙ የቀረኝ በየቀኑ የምጠቀምበት ነገር እሱ ነው።

ችግሩ ግልጽ ነው፤ ማወቅ ብቸኛው ሀብት ከሆነ፣ ያወቀ ሰው የሚጫወተው ነገር የለውም። እስክረሳው ልጠብቅ ብዬ ነበር። ወራት የወሰዱት ስሞችንና ጥቃቅን መንገዶችን ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደተያያዘ ግን ከጭንቅላት አይወጣም።

የተረፈው መንገድ ከሚጫወት ሰው አጠገብ አፍን ዘግቶ መቀመጥ ነው። ታናሽ እህቴ ስትጀምረው አጠገቧ ነበርኩ። እኔ ብሪትል ሆሎው ላይ ብዙ ስቆይ እሷ ቀጥታ ጃያንትስ ዲፕ ገብታ ከነደሴቱ ወደ ሰማይ ተወረወረች።

«ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገረኝ እንጂ።»

አልነገርኳትም፤ ተቆጣች፤ ደሴቱ ተመልሶ ሲወድቅ ግን ሳቀች። ጥቂት ዙር ቆይታ ደግሞ «በነቃሁ ቁጥር ሰማይ ላይ የሚተኮሰው ነገር ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው» አለች። እኔ ያንን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ግድግዳ ላይ አንብቤ ነው፤ እሷ በዓይኗ አየችው። ምን ማለት እንደሆነ ለሁለታችንም የተገለጠው በየራሳችን መንገድ ነው፣ እዚህም አልነግራችሁም። ያኔ ነው ምርጫዬ የተቆረጠው። ሆሎው ናይትን ሌላ ሰው ሲጫወት ሳይ እጄን ይበላኛል፣ ኮንትሮለሩን መቀማት ያምረኛል። አውተር ዋይልድስን ሳይ ግን ሌላ ሰው ሲያስብ ማየት ብቻውን በቂዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ስፈልግ የቀረበልኝ ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን ነው። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያወጣው፣ በጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ የተሳለ ሥራ ነው፤ ባዶዋን የተመለሰች መርከብ ላይ ወጥታችሁ የ60 ሰዎችን ዕጣ ታጣራላችሁ። መልሳችሁ ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ ሦስት ሦስት እየሆነ ነው፣ ስለዚህ በግምት መሄድ ይከብዳል። ግሩም ነው፤ ስጨርሰው ግን ያጨበጨብኩት ለፖፕ ብልሃት ነው። መርከበኞቹ ኖማዮቹን ያህል አልናፈቁኝም።

አውተር ዋይልድስ ለሁሉም ሰው አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በረራ ያስቸግራል፤ ክብደት በሌለበት መሽከርከር የሚያጥወለውለው ሰው ካለ በአጭር በአጭሩ ይጫወት። ውጊያ የሚወድ ምንም አያገኝም። ንግግሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ይህ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ስታነቡ ጊዜው እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያንን ከመጀመሪያው አብሩት፤ ፀሐይዋ እየፈነዳች መዝገበ ቃላት ማገላበጥ አያስፈልግም። አንዳንድ በር የሚከፈተው በዙሩ የተወሰነ ደቂቃ ላይ ብቻ ስለሆነ መጠበቅም አለ፤ እሳት ዳር ተኝቶ ጊዜውን ማሳለፍ ይቻላል፣ ገብሮ የሚባለውን ተጓዥ ካነጋገራችሁት ደግሞ ዙሩን ቶሎ የሚያስጀምር ዘዴ ያስተምራችኋል። ኮንትሮለር ያስፈልጋል፤ በኪቦርድ የሚበር ሰው አለ ይባላል፣ ይበርታ። የሚጫወትበትን ሰዓት ቆጥሮ ጌም የሚገዛ ሰው ያለ ጥርጥር ሆሎው ናይትን ይውሰድ።

በ2021 የወጣው ማስፋፊያ፣ ኤኮስ ኦፍ ዘ አይ፣ ለብቻው የሚገዛ ነው። ዋናውን ሳትጨርሱ አትጀምሩት። የመጀመሪያው ግማሽ ከዋናው ጋር የሚወዳደር ነው፤ ታሪኩን የሚነግራችሁ ያለ አንዲት ፊደል፣ በሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕሎቹ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቃጠለውን መፈለግ ራሱ ደስ ይላል። ሁለተኛው ግማሽ ጨለማ ውስጥ እየተደበቁ መሄድ ነው፤ ስትያዙ የምትመለሱበት መንገድ ይረዝማል፣ ፍርሃቱም ቶሎ ወደ ድካም ይለወጣል። ድንጋጤውን የሚቀንስ አማራጭ ሴቲንግ ውስጥ አለ። «ጣዕሙን ያጠፋል» የሚሉ አሉ፤ እኔ በርቶ ነው የጨረስኩት፣ የጎደለብኝ ነገር አልነበረም።