የልጃችንን የባዮኬሚስትሪ ትምህርት ዕቅድ ላወጡልን አማካሪ ምስጋና

በሜሪላንድና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ኮሌጅ ለምታስገቡ ወገኖች፦

ልጃችን የሁለት ዓመት ኮሌጅ በሆነው በሞንጎመሪ ኮሌጅ ጀምራ ኮሌጅ ፓርክ ወደሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በመዛወር በባዮኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ለመያዝ ስትነሳ፣ አብረዋት ተቀምጠው የኮርሶቿን ቅደም ተከተል ያወጡላትን የኮሌጁን የትምህርት አማካሪ በባለቤቴና በራሴ ስም በአደባባይ ላመሰግን እወዳለሁ። ስማቸውን ሳላስፈቅድ መጻፍ ስላልፈለግሁ የምናገረው ስለ ሥራቸው ብቻ ነው።

አማካሪዋ ዕቅዱን የጀመሩት ከመጨረሻው ዓመት ነው። ባዮኬሚስትሪ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ደግሞ ጠቅላላ ኬሚስትሪን ስለሚጠይቅ፣ ፊዚካል ኬሚስትሪም ያለ ካልኩለስና ያለ ፊዚክስ ስለማይገፋ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብን ያቆየ ተማሪ መዘዙ የሚደርስበት በሦስተኛው ዓመት መሆኑን በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ስለ ዝውውሩ የሰጡት ምክር ነው። በሞንጎመሪ ኮሌጅ ሁለቱ የጠቅላላ ኬሚስትሪ ኮርሶች ተከታትለው ይሰጣሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ግን ተማሪው ከመጀመሪያው ኮርስ በቀጥታ ወደ ኦርጋኒክ ይሻገርና የጠቅላላ ኬሚስትሪን ቀሪ ክፍል የሚማረው ሁለቱን የኦርጋኒክ ኮርሶች ከጨረሰ በኋላ ነው። መሀል ላይ የተዛወረ ተማሪ ቅደም ተከተሉ ስለሚፋለስበት፣ ልጃችን ጠቅላላውንም ኦርጋኒኩንም ከነላብራቶሪያቸው ጨርሳ እንድትሄድ መከሯት፤ የእያንዳንዱን ኮርስ አቻም አርትሲስ ከተባለው የዝውውር መረጃ ቋት እያወጡ አሳዩዋት። በሰመር ኦርጋኒክና ፊዚክስን አንድ ላይ ልውሰድ ብትላቸው ፊት ለፊት «አይሆንም» አሏት፤ ደግ አደረጉ።

እኔ፣ እንደ ብዙ የሐበሻ አባት፣ ባዮኬሚስትሪ ሲባል የሚታየኝ ሕክምና ነበር። እርሳቸውም የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹ በዚህ ዘርፍ ካልተመረቀ እንደማይሉ፣ ሆኖም የመግቢያ ፈተናው ኤምካት ከ2015 ጀምሮ ባዮኬሚስትሪን ስለሚያካትት ኮርሱን ከፈተናው በፊት መውሰድ እንደሚሻል፣ ዲግሪው ግን ለመድኃኒት ምርምርና ለላብራቶሪ ሥራም በር እንደሚከፍት በትዕግሥት ገለጹልኝ።

ንግግራቸው ፈጠን ያለ ነውና ማስታወሻ መያዣ አትርሱ። ለኮሌጁ ተማሪዎች ምክሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ወደ አማካሪ ለመሄድ ያሰባችሁ ልጃችሁ ከምዝገባው ግርግር አስቀድሞ ቀጠሮ ይያዝ፤ የውጤት ወረቀቱን፣ በሁለተኛ ደረጃ ኤፒ የተባለውን፣ የኮሌጅ ክሬዲት ሊያስገኝ የሚችለውን ፈተና ወስዶ ከሆነም ውጤቱን፣ እንዲሁም ሊዛወር ያሰበበት ዩኒቨርሲቲ ያወጣውን የአራት ዓመት የኮርስ ዕቅድ አትሞ ይዞ ይሂድ።