የሱሉልታ ዝይ፣ የመናገሻ ጉሬዛ፦ ለየትኛው የትኛው ሌንስ?

በአዲስ አበባ ዙሪያ የዱር እንስሳትንና መልክዓ ምድርን ለማንሳት ገንዘብ ለቆጠበ ሰው ሁለት አማራጮችን እናነጻጽር። አንደኛው ያገለገለ ካኖን 90ዲ ከሲግማ 150-600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ ሁለተኛው መስታወት አልባው (ምስሉን ወደ መመልከቻው የሚያንጸባርቅ መስታወት የሌለው) ካኖን አር7 ከካኖን አርኤፍ 100-400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ነው። ሁለቱም ካሜራዎች 32.5 ሜጋ ፒክስል ናቸው፤ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰራቸው ስፋትም አንድ ነው። ስለዚህ በምስል ጥራት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲግማው ያለ ጥርጥር ይበልጣል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ የሚሰማራው ረግረግ ውስጥ ነው፤ ጭቃው እግር ስለሚያሰምጥ ተጠግቶ ማንሳት አይታሰብም። በእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ካለው) ካሜራ ስለሚያንስ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በ1.6 እንደተባዛ ሆኖ 600ው የ960፣ 400ው ደግሞ የ640 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርባል። በብርሃንም ቢሆን ሲግማው በረጅሙ ጫፉ እስከ ኤፍ 6.3 ሲከፈት አርኤፉ ኤፍ 8 ላይ ይቆማል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ማለዳ ላይ በሲግማው አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 የሚበቃው ፎቶ በአርኤፉ 2500 ይጠይቃል ማለት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ሜዳውን ስታሞቀው አየሩ መርገብገብ ይጀምራል፤ የዝይው ላባ ውሃ እንደነካው ቀለም ይደበላለቃል። ይህን የሚያስተካክል ሌንስ አልተሠራም፤ በማለዳ መነሳት ብቻ ነው።

መናገሻ ሱባ ደን ሲገባ ፍርዱ ይገለበጣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስተከሉት የሚባለው ይህ የጽድ ደን የወጨጫን ተዳፋት ይዞ ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚናገረው ትከሻ ነው። 90ዲ ከነሲግማው 2.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አር7 ከነአርኤፉ 1.25 ብቻ። ጉሬዛው ደግሞ ከራስ በላይ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚቀመጥ 400 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ከክብደቱ በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ አውቶ ፎከሱ (ካሜራው በራሱ የሚያተኩርበት ሥርዓት) ነው። የምኒልክ ድኩላ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቆሞ ሲመለከት አር7 የእንስሳውን ዓይን ለይቶ ይከተላል፤ 90ዲ ግን በ45 የትኩረት ነጥቦቹ ከፊት ያለችውን ቅጠል ይዞ መቅረት ይወዳል።

አር7 እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ድምፅ አልባው (ኤሌክትሮኒክ) ሹተሩ ድኩላ ባያስበረግግም ሴንሰሩን የሚያነብበው ቀስ ብሎ ስለሆነ የምትበር ወፍን ክንፍ አጣሞ ያወጣል። ለበረራ ሜካኒካል ሹተሩን ይጠቀሙ፤ እሱም በሰከንድ 15 ፎቶ ያነሳል፣ 90ዲ ደግሞ 10።

እንግዲህ 90ዲ ወይም የእሱ እኩያ በእጁ ያለ ሰው የካሜራውን አካል አይቀይር፤ ገንዘቡን ሌንስ ላይ ያውለው። ከባዶ የሚጀምርና በእግሩ የሚሄድ ሰው አር7ን ከአርኤፉ ጋር ይግዛ። የካኖን ኢኤፍ መግጠሚያ ያለውን ሲግማ በኋላ በአስማሚ ሊያክልበት ይችላል። በፉል ፍሬም ካሜራ የሚፈተኑ ወፍ አንሺዎች ያችን 1.6 እንደሚያጧት ይወቁ።

ለመልክዓ ምድር ሁለቱን ማወዳደር ብዙም አያስፈልግም። እንጦጦ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚያስፈልገው ጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ የፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ፊልተርና እንደ 10-18 ሚሊ ሜትር ያለ ሰፊ ሌንስ ነው። ተደራርበው የሚታዩትን ተራሮች ለመነጠል 100-400ው ከሰፊው ሌንስ ይሻላል፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።

ክረምት ላይ ሁለቱም ሌንሶች ዝናብ አይወዱም፤ የሲግማው ማሸጊያ መግጠሚያው ላይ ብቻ ነው፣ አርኤፉ ጭራሽ የለውም። ላስቲክ ከረጢት ይዘው ይውጡ። ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ ደግሞ ከሻጩ ፊት የስልክዎን መብራት ከኋላው አብርተው በፊት ለፊቱ ይመልከቱ። መስታወቱ ውስጥ የተበታተኑ ቀጫጭን ነጭ ክሮች ከታዩ ሻጋታ ነው። ሻጩ «ይጠረጋል» ቢልዎትም አይግዙት፤ ሌንሱን ፈትቶ ማጽዳት ውድ ነው፣ መስታወቱን የቆረጠመው ሻጋታ ደግሞ ምልክቱን ትቶ ነው የሚሄደው።