ቱሉ ዲምቱ፦ ማዘዣውን ወደ ሰዓት የሚመልሰው መድኃኒት ቤት

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ በሚያስገባው መንገድ ዳር ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ በመድኃኒት ብዛትም በዋጋም ከጎረቤቶቹ አይለይም። የሚለየው ካርቶኑ ላይ በሚጽፈው ነው። ሌላው ቤት «1×3» ብሎ ጽፎ ያስረክባል። እዚህ ግን ባለ 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን (ፀረ-ባክቴሪያ) የታዘዘለት ሰው «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት፤ ለ7 ቀን፤ 21 ፍሬ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይወጣል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ የጻፈው «ቲአይዲ» ነው፤ «ቴር ኢን ዲዬ»፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚል ላቲን። ታማሚው ይህን ቁርስ፣ ምሳና እራት ብሎ ይተረጉመዋል። እንደዚያ ሲወስድ በቀን ውስጥ ያሉት ክፍተቶች አምስት ስድስት ሰዓት ይሆናሉ፣ የሌሊቱ ግን 12 ሰዓት ይደርሳል። አሞክሳሲሊን ደግሞ ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ መድኃኒት ስለሆነ ባክቴሪያው ሌሊቱን ፋታ ያገኛል። «በየ8 ሰዓቱ» ማለቱም ብቻውን አይበቃም፤ «8 ሰዓት ላይ» ብሎ ሰምቶ የሚሄድ አለ። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ መጻፍ ሁለቱንም ስህተት ይዘጋል። «ቢአይዲ»፣ ማለትም በቀን ሁለቴ የሆነው፣ ጠዋት 1 እና ማታ 1 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል።

ከሁሉ የወደድነው ግን ጥያቄያቸው ነው። ማዘዣው ላይ «ኤሲ» ካለ «አንቴ ሲቡም»፣ ከምግብ በፊት ነው፤ «ፒሲ» ደግሞ «ፖስት ሲቡም»፣ ከምግብ በኋላ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከመጀመሪያው ምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል፤ የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ከምግብ በኋላ፣ አለዚያ ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል። ታዲያ ሰውየው ጾመኛ ቢሆንስ? ባለሙያዋ ኪኒኑን ከማስረከቧ በፊት «ጾም ላይ ነዎት? ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?» ትላለች። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ኦሜፕራዞሉን 9 ሰዓት ላይ በውሃ ውጦ ምግቡን 9 ሰዓት ተኩል እንዲበላ ትጽፍለታለች። ዲክሎፌናክ ጠዋትና ማታ ታዞለት ከሆነ፣ የጠዋቱ ባዶ ሆድ ላይ እንዳይወድቅ ሰዓቱን ለመቀየር ወደ ሐኪሙ ትደውላለች። በአካባቢው ይህን የሚጠይቅ ሌላ ቤት አላየንም፤ በዐቢይ ጾም ወቅት ደግሞ ሁሉም ሊጠይቀው የሚገባ ነበር።

አሻሚ ምህጻረ ቃል ሲመጣም አይገምቱም። «ኦዲ» የሚለውን እንውሰድ። ዓይን ሐኪም ከጻፈው «ኦኩሉስ ዴክስተር»፣ ቀኝ ዓይን ነው። ሌላ ሐኪም ሲጽፈው በቀን አንድ ጊዜ ማለቱ ነው። የቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) ቅባት ማዘዣ ላይ ሲገኝ የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ መጠየቅ ግድ ነው። «ኪውዲ» ደግሞ የባሰ ነው። በየቀኑ አንዴ ማለት ሆኖ ሳለ የእጅ ጽሑፉ ከተዝረከረከ «ኪውአይዲ»፣ በቀን አራት ጊዜ ተብሎ ይነበባል፤ አንዱ ፍሬ አራት ይሆናል። እንደ ዲጎክሲን ላለ የልብ መድኃኒት ይህ ለሕይወት ያሰጋል። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን እየመዘነ ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የተከለከሉ አጻጻፎች ዝርዝር ውስጥ «ኪውዲ» አለበት፤ የኢንሱሊን መለኪያን «ዩ» ብሎ ማሳጠርም አለበት፤ ፊደሉ ዜሮ መስሎ 4 ዩኒት 40 ተብሎ ስለሚነበብ። እዚህ «ዩኒት» የሚለው ቃል ሙሉውን ይጻፋል፤ ግማሽ ሚሊግራምም ከነጥቡ በፊት ዜሮ ተደርጎለት 0.5 ይባላል።

«ፒአርኤን» ላይ ግን ቅሬታ አለን። «ፕሮ ሬ ናታ» ማለት እንደ አስፈላጊነቱ ነው፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ሲያምዎት» ብለው ይተዉታል። ጣሪያው መጻፍ አለበት። ለአዋቂ፣ ጉበቱ ደህና ለሆነ ሰው፣ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ከሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ በመካከሉም ቢያንስ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው ጣሪያውን ያልፋል።

ጽሑፉ በእስክሪብቶ ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ካርቶን ላይ በሁለት ቀን ይጠፋል፤ ተለጣፊ ወረቀት ቢጠቀሙ ይሻላል። ማታ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሰልፉ ሲረዝም እነሱም ወደ «1×3» ይመለሳሉና፣ የሚችል ሰው ረፋድ ላይ ይሂድ። አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያነብ ደንበኛ በቃል ይነገረዋል እንጂ አይጻፍለትም፤ በዚህ ሰፈር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የመጠቀሚያ ጊዜውንም ራሳችሁ አስሉ፤ እነሱ አይጽፉትም። ካርቶኑ ላይ «ኤክስፕ 03/2026» ካለ ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ያገለግላል፣ በእኛ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 መሆኑ ነው።