ጊዜ መጠየቅ ወይስ ማጣሪያውን አሁኑኑ መግጠም?

ኮምቦልቻ ላይ ጭሱ ከተፈቀደው በላይ የሆነበት ፋብሪካ ሁለት መንገድ አለው፦ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የማስተካከያ ጊዜ መጠየቅ፣ ወይም ጭሱን በጨርቅ ከረጢቶች የሚያጣራ መሣሪያ መግጠም።

ወጪ፦ ጊዜ መጠየቅ ለዛሬው የሚያስወጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ማጣሪያ ግን የውጭ ምንዛሪ ማግኘት፣ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ)፣ ከዚያም የጅቡቲ ጉዞ አለበት። ከተገጠመም በኋላ የጨርቅ ከረጢቶቹ እርጥበት ሲነካቸው ይደፈናሉ፣ ፍንጣሪ ሲያገኛቸው ይበሳሉ፤ መለዋወጫ ሁሌም ይፈልጋሉ።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ውድ የሚሆነው ደብዳቤው ነው። ከተማዋ በተራሮች የተከበበች ናት፤ በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን ቦርከና ወንዝ ዳር አፍኖ ያቆየዋል። ነዋሪው አቤት ካለ ደግሞ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ።

ዕቃው ታዝዞ ወደብ ከደረሰ፣ የሥራ መርሐ ግብር አያይዞ ጊዜ መጠየቅ ያስኬዳል። ገና ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ያልሰበሰበ ግን ወደ ግዢው ይግባ፤ ባዶ ማመልከቻ እኔ ብሆን አልፈርምበትም። ጭሱን የሚያወጣው ቦይለር (የእንፋሎት ማፍያው) ሊቀየር ከሆነስ? ለአሮጌው ማጣሪያ መግዛት ብር ማቃጠል ነው።