ሃይሉክስ ወይስ ላንድክሩዘር ፒክአፕ? ለጉዞና ለተጎታች አሮጌ መኪና ስንመርጥ

አንዱ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ያለው የቀድሞው ሃይሉክስ ነው። ሌላው ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ላንድክሩዘር ፒክአፕ።

ተጎታች ለሚያስብ ሰው ላንድክሩዘሩን እመርጣለሁ። ዋናው ምክንያት ከፍታ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የላቸውም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ተጎታች ይዞ የዓባይን በረሃ ዳገት ሲወጣ ትንሹ ሞተር ቶሎ ይደክማል፣ ይግላልም። ትልቁም ይቀንሳል፤ ግን የሚተርፈው ጉልበት አለ።

ሃይሉክሱ ቀለል ያለ ነው፣ ናፍጣም ብዙ አይጠጣም። አፋር አሸዋ ላይ ጎማ አስተንፍሶ ለሚነዳ ሰው ይህ ቅለት ትልቅ ነገር ነው። ድንኳን፣ ውሃና ጀሪካን ብቻ ለሚጭን ከበቂ በላይ ነው። ዋጋውም ይሻላል።

የትኛውንም ይግዙ፣ ፖርቶመጋላና መብራት ከማስገጠምዎ በፊት ራዲያተሩን ያሳጥቡ፣ ፍሪሲዮኑን ያስፈትሹ። የታይሚንግ ቺንጊያው (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ዛሬውኑ ያስቀይሩት። የኋላ ባሌስትራ ማስጨመር ጭነት ይሸከማል እንጂ ፍሬን አይሆንም፤ ስለዚህ ከባድ ተጎታች የራሱ ፍሬን ይኑረው። ሲጭኑም ከተጎታቹ ክብደት አንድ አስረኛው ያህል መንጠቆው ላይ ይረፍ። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ይዞት ይሄዳል።